ኤል ሳንቶ ወይስ ብሉ ዲሞን?

የሜክሲኮ ነጻ ትግል (ሉቻ ሊብሬ፣ ብዙዎቹ ታጋዮች ጭምብል የሚያጠልቁበት) ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ባለ ብርማ ጭምብሉ ኤል ሳንቶ ነው። አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ1942 በዚህ ስም ሪንግ ገባ፣ ከ50 በላይ ፊልም ሠራ። ትግል አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ባለ ሰማያዊ ጭምብሉ ብሉ ዲሞንም ፊልም ሠርቷል፣ ግን በዝና አይደርስበትም።

ሪንግ ውስጥ ወሬው ሌላ ነው። በ1952 ሳንቶ ብላክ ሻዶውን አሸንፎ ጭምብሉን አስወለቀው፤ ብላክ ሻዶው የዲሞን አጋር ነበር፣ እንደ ወንድማማች ነበር አብረው የሚጋጠሙት፣ እና እዚያ ጭምብል ማጣት ማለት ፊትህ ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ስምህም አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ዲሞን ዝም አላለም። በ1953 ሳንቶን ረትቶ የዓለም ዌልተርዌይት (የክብደት ምድብ ነው) የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ነጠቀው። ለዚህ ነው እኔ በተጋጣሚነት ዲሞንን የማስቀድመው፣ ማንም ምንም ቢል።

ጭምብልን በመጠበቅም ያው ነኝ። ሳንቶ በ1984 ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት በቴሌቪዥን ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ ፊቱን በከፊል አሳየ። ዲሞን ግን በ1989፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሊሰናበት ሲል፣ ጭምብሉን አስይዞ ከሌላው ባለ ጭምብል ታጋይ ከራዮ ዴ ሃሊስኮ ጋር ገጠመ። ያሸነፈውም እሱ ነው።