የሲኤንሲ ፍሬሜን ያሠራሁበት ብየዳ ቤት

ጎንደር ውስጥ ለሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨትና መሰል ነገር ለሚቀርጽ ማሽን) ፍሬም የሚበይድላችሁ ከፈለጋችሁ፣ አዘዞ መንገድ ላይ ያለው ብየዳ ቤት አሪፍ ነው፤ ግን አጠገቡ ቆማችሁ አሠሩ።

80 በ80፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ ነው የወሰድኩት። ባለሙያው "ለጠረጴዛ ይሄ ሁሉ ብረት?" ብሎ ሳቀ። አልሙኒየም ይቀላል፣ ብረት ግን መተጣጠፍን ሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ይቋቋማል። ድልድዩንም (ከጠረጴዛው በላይ ተሻግሮ መቁረጫውን የሚሸከመውን ብረት) አሳጥሩት፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ጉልበት 8 እጥፍ ይጎብጣል።

ብየዳው ላይ ሰውዬው እጁ ወርቅ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ማዕዘን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያዘው፣ ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለካ፣ እኩል መሆናቸውን ካየ በኋላ ነው አንዴ እዚህ አንዴ ከወዲያ ማዶ እያፈራረቀ የበየደው፣ ምክንያቱም በአንድ በኩል ብቻ ከሄዱበት ሙቀቱ ብረቱን ይጎትተዋል።

ያልተመቸኝ ሐዲዱ፣ ማለትም ማሽኑ የሚንሸራተትበት ቀጥ ያለ ብረት፣ የሚቀመጥበት ገጽ ነው። በግራይንደር ፈጭቶ "ልክ ነው" አለኝ። ቀጥ ያለ ብረት ጋደም ሳደርግበት ግን በሥሩ ብርሃን ያሳያል! በግራይንደር ይሄ አይስተካከልም፤ ወይ ሚሊንግ ማሽን (ብረትን እየላገ የሚያስተካክል ማሽን) ያለው ጋ ውሰዱት፣ ወይ ኤፖክሲ (ፈሶ የሚጠነክር ሙጫ) አፍስሳችሁ ደልድሉት። ቀጠሮው ደግሞ ያው "ነገ ና" ነው። ቀለሙን ለብቻው ያስከፍላል፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።