የድመት ቁንጫ መድኃኒት፦ የቱ ያስተማምናል?

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ ጠብታ ድመት ላይ አይደረግም። "ትንሽ ብቻ" ተብሎም አይደረግም። ብዙዎቹ የውሻ ጠብታዎች ፐርሜትሪን አለባቸው። ውሻ ይቋቋመዋል፤ የድመት ጉበት ግን ይህን መድኃኒት ሰባብሮ የማስወገድ አቅሙ በጣም ደካማ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጆሮዋ መርገብገብ ይጀምራል። ከዚያ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ቶሎ ካልታከመች ልትሞት ትችላለች። ቤት ውስጥ ውሻም ካላችሁ፣ ይህ ጠብታ ከተደረገለት በኋላ ለ3 ቀን ከድመቷ ለዩት። አብራው ከተኛች ወይም ከላሰችው ይደርሳታል።

ስለዚህ ስትገዙ የካርቶኑን ሥዕል ተዉት። ከኋላ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ።

ለድመት ከተሠሩት ጠብታዎች መካከል ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ በብዛት ይገኛሉ። ሁለቱም ለ1 ወር ያህል ይሠራሉ፤ ዕድሜዋ ከ8 ሳምንት ላለፈ ጤነኛ ድመት በልኩ ከተሰጡ ብዙም አያሰጉም። ልዩነታቸው ፊፕሮኒል መዥገርንም ሲገድል ኢሚዳክሎፕሪድ ግን አይነካውም። ጥንቸል ካላችሁ ደግሞ ፊፕሮኒልን ተጠንቀቁ፤ ጥንቸልን ይገድላል።

እኔን ብትጠይቁኝ ሴላሜክቲንን አስቀድማለሁ። በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ከቁንጫ ሌላ የጆሮ ቅንቅንንና አንዳንድ የሆድ ትሎችን ያጠፋል። አንዱ መድኃኒት ብዙ ሥራ ከሠራ፣ ሌላ መድኃኒት እላዩ ላይ መደረብ አያስፈልግም። እንዲህ በመደራረብም ጉዳት ሊመጣ ይችላል።

ፍሉራላነር እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። በየወሩ ለመያዝ ለምታስቸግር ድመት ይመቻል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ በአንዳንድ ውሾችና ድመቶች ላይ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል። ድመታችሁ ከዚህ ቀደም ጥሏት የሚያውቅ ከሆነ ሐኪሟን ሳታማክሩ አትንኩት። አንዴ ሰውነቷ ከገባ ቶሎ አይወጣም።

ናይቴንፓይራም የሚዋጥ ክኒን ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ በ24 ሰዓት ያበቃል። 4 ሳምንት ለሞላትና 1 ኪሎ ገደማ ለምትመዝን ግልገልም ይሰጣል። ቁንጫዎቹ ሲሞቱ ድመቷ እንደ ጉድ ታካለች። አትደንግጡ፣ በሰዓታት ውስጥ ያልፍላታል።

የአንገት ማሰሪያ ከመረጣችሁ ለድመት ተብሎ የተሠራና ቅርንጫፍ ላይ ቢያዝ በራሱ የሚፈታ ይሁን። ውስጡ ያለው መድኃኒት ያልተጻፈበትን ርካሽ ማሰሪያ በነጻም ቢሆን አትውሰዱ።

"የተፈጥሮ ነው" የሚባለውስ? ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። የሻይ ዛፍ ዘይትም ይመርዛታል። መድኃኒት ለማይፈቀድላት ጨቅላ የሚሻለው ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ ነው። ያበጠራችሁትን እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት። ጥቋቁሩ ብናኝ ወደ ቀይ ቡኒ ከፈዘዘ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ የድመታችሁ ደም ማለት ነው።

መጠኑን በግምት አትስጡ። ድመቷን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዝናችሁ ቀንሱ። ጠብታውን ማጅራቷ ላይ፣ ምላሷ የማይደርስበት ቦታ፣ ጸጉሯን ከፍላችሁ ቆዳዋ ሲታይ አድርጉት። ከላሰችው አረፋ ልትደፍቅ ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ ከምሬቱ የተነሣ ነው፤ ይቆማል። መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ወዲያው ሐኪም ጋ ደውሉና ውሰዷት፤ ካርቶኑንም ያዙ።