ለመስመር ጫፍ ቤቶች የሚሆን ስታቢላይዘር
ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚነሳው ኃይል፣ በመንገድ የሚባክነው እንዲቀንስ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ተጉዞ፣ በማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያለ፣ በመጨረሻ ከሰፈር ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ወደ ቤት ይገባል። ችግሩ የሚጎላው በዚህ የመጨረሻ ጉዞ ነው፤ ለገጣፎ ዳርቻ እንዳለው ቤታችን ከትራንስፎርመሩ ርቆ በቀጭን ሽቦ ለተያያዘ ደንበኛ፣ በተለይ አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ፣ ቮልቴጁ በእጅጉ ይወርዳል። ለማቀዝቀዣችን የገዛነው ስታቢላይዘር ይህን መዋዠቅ በሚገባ ያስተካክላል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ ኃይል መልቀቁም ኮምፕሬሰሩን (የማቀዝቀዣውን ሞተር) ስለሚጠብቅለት ከሁሉ አብልጬ ወድጄለታለሁ። የስታቢላይዘሩ ድምፅ ግን ለመኝታ ክፍል አይመችም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ በዚህ አነስተኛ ዕቃ ላይ ፈጽሞ መሰካት የለበትም።