ካሚክ፦ የአቆስጣ ቆዳ ጫማ ከ7 ወር የኢግሉሊክ ብርድ በኋላ

ኢግሉሊክ በካናዳ ሰሜን በኑናቩት ግዛት፣ በፎክስ ቤዚን ባሕር ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የተቀመጠች፣ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች የሚኖሩባት የኢኑዊት (የዚያ ሰሜናዊ ምድር ነባር ሕዝብ) መንደር ናት። በኑናቩት ካሉት 25 መንደሮችና ከተሞች አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ ሰው በአውሮፕላን ይገባል፣ ከባዱ ዕቃ ደግሞ ባሕሩ ከግግር በረዶ በሚላቀቅባቸው ጥቂት ወራት በመርከብ ይመጣል። እኔ በመምህርነት የመጣሁት ባለፈው ኦገስት ሲሆን፣ ስለዚህ ጫማ የምጽፈው ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ሜይ መጨረሻ፣ 7 ወር ሙሉ፣ ከጥቂት ቀናት በስተቀር በየዕለቱ ከተጫማሁት በኋላ ነው። ወደ ሰሜን ለሥራ መሄድ የሚያስቡ ወገኖች በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጃኬት ነው። የኔ መልስ ግን ከእግር ይጀምራል።

ከቶሮንቶ ስነሣ የገዛሁት ቦት ጫማ ከዜሮ በታች እስከ 60 ዲግሪ ይችላል የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ ወፍራም የጎማ ሶልና ተነቃይ ገበር ያለው የፋብሪካ ሥራ ነበር። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ምንም ቅሬታ አልነበረኝም። ብርዱ ከዜሮ በታች 25ን ሲያልፍ ግን ጎማው እንደ እንጨት ይገተር ጀመር፤ እግር በውስጡ እንደ ልቡ ስለማይታጠፍ ጣት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፣ ያልተንቀሳቀሰ ጣት ደግሞ ይደነዝዛል። ላቡም መውጫ ስለሌለው ገበሩ ውስጥ ይቀራል፤ ገበሩ ማታ በደንብ ካልደረቀ ጠዋት እርጥብ ነገር ተጫምቶ መውጣት ነው። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ የ15 ደቂቃ መንገድ ሲሆን፣ አንድ ቀን በር ላይ ጫማዬን ለማውለቅ ስታገል (እዚህ ትምህርት ቤትም ቢሆን ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው) ያየኝ የአገሩ ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ «ይኸ ጫማ እግርህን አስሮታል» አለኝና ካሚክ ወደሚሰፉት አክስቱ ዘንድ ወሰደኝ።

ካሚክ ኢኑዊት ከቆዳ የሚሰፉት ቦት ጫማ ነው። የኔው አንገቱ ናትሲቅ ከሚባለው ትንሽ የአቆስጣ ዝርያ፣ ጸጉሩ እንዳለ እንደ አጎዛ ከተዘጋጀ ቆዳ የተሰፋ ሲሆን፣ ሶሉ ደግሞ ኡግጁክ ከሚባለው ትልቅና ጢማም አቆስጣ ወፍራም ቆዳ ነው። አቆስጣ የምለው ፈረንጆቹ «ሲል» የሚሉትን የባሕር እንስሳ ነው፤ ቃሉን የተዋስኩት በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ መደረቢያ ከሆነው «የአቆስጣ ቁርበት» ነው። በውስጡ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ፣ አፉ ላይ አበባ የተጠለፈበት፣ ተለይቶ የሚወጣ ገበር አለው። ቁርጭምጭሚት ላይና ከጉልበት በታች በጠፍር ይታሰራል።

ሰፊዋ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው እናት ናቸው። ሜትር አላወጡም፤ እግሬን በስንዝራቸውና በጣቶቻቸው ለክተው፣ ልኬቱን በቃላቸው ያዙ። ሥራውን ለማየት ፈቃድ ስለጠየቅሁ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግተው፣ ኡሉ በሚባለው የጨረቃ ቅርጽ ባለው የሴቶች ቢላዋ ከቆዳው ጀርባ የቀረውን ሞራ ይፍቁታል፤ ቆዳውን የሚቆርጡትም በዚያው ቢላዋ፣ ከጀርባው በኩል ነው፤ ምክንያቱም መቀስ ቢገባበት ጸጉሩን አብሮ ይከረክመዋል። የሶሉን ጫፍ በጥርሳቸው እየነከሱ ያለዝቡና ጣቱ ጋና ተረከዙ ጋ ጥቃቅን ሽንሽን ያወጡለታል፤ ያ ሽንሽን ነው ጠፍጣፋውን ቆዳ እንደ ጎድጓዳ ሣህን አቅፎ የሚያቆመው። ስፌቱ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። መርፌዋ የሶሉን ቆዳ በስታ አታልፍም፤ ውፍረቱን እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብታ በዚያው በኩል ትመለሳለች፣ ስለዚህ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ክሩ ካሪቡ የሚባለው የሰሜን አጋዘን የጀርባ ጅማት ሲሆን፣ ሲርስ ስለሚያብጥ ስፌቱን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ጨርሰው ሲያስረክቡኝ በገበሩ ውስጠኛ በኩል ስሜን በቋንቋቸው በኢኑክቲቱት ፊደል ጽፈውበት ነበር። ፊደላቸው እንደ ግዕዙ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት የሚይዝ ነው፤ እኛ ቅጥያ በመጨመር የምንለየውን እነሱ ምልክቱን በማዞር ይለዩታል። ይህን የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመች ስነግራቸው «ሀ ሁ»ን ጽፌ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ወረቀቱን ዛሬም ማቀዝቀዣቸው በር ላይ ለጥፈውታል።

በብርድ ያለው አገልግሎት ከጠበቅሁት በላይ ሆኖልኛል። ፌብሩዋሪ ውስጥ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ሰዎች ግግሩን ሰርስረው ዓሣ ወደሚያጠምዱበት ሐይቅ ስኪዱ በሚባለው የበረዶ ሞተር ተጎታች ላይ ተቀምጬ ሄጄ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ውጭ ውዬ ጣቶቼ አልደነዘዙም። ጫማው ቀላል ነው፤ ሶሉ ከእግር ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ በገበሩና በቆዳው መካከል ያለው አየር ሙቀት ይይዛል፤ እርጥበቱም በቆዳው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ብርድ በረዶው እንደ ዱቄት ደረቅ ስለሆነ ጸጉሩ ላይ አይቀልጥም። ፀሐይ እዚህ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ጨርሶ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓታት ይገረጣና መልሶ ይጨልማል። ለአዲስ መጤ በዚያ ወቅት ትልቁ ፈተና ቤት ውስጥ መቅረት ይመስለኛል፤ ከቤት መውጣት ሥቃይ ከሆነ ሰው አይወጣም፣ ካልወጣ ደግሞ ከሰው ይርቃል። ጨለማውን ያለፍኩት በየምሽቱ በእግሬ እየወጣሁ፣ ሰዎች ቤት ሻይ እየጠጣሁ ስለነበረ፣ የዚህን ጫማ ዋጋ ከዚያ ለይቼ ማየት አልችልም። ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ግግሩ ላይ ቆሜ የተቀበልኳትም በዚሁ ጫማ ነው።

ጉዳቱ የደረሰው በኔ ስሕተት ነው። ጃንዋሪ ላይ ሁለት ቀን ከቆየ የበረዶ ውሽንፍር በኋላ ደክሞኝ ገብቼ፣ ጸጉሩ ውስጥ የተጋገረውን በረዶ ሳላራግፍ፣ ጫማውን ከነገበሩ የማሞቂያው አየር መውጫ ላይ አስቀምጬው ተኛሁ። ጠዋት በረዶው ቀልጦ፣ ቆዳው ርሶ፣ መልሶ ደርቆ፣ የግራው ሶል እንደ ቋንጣ ተኮማትሮ ነበር፤ እግሬን ለማስገባት ስታገል ከሽንሽኑ አጠገብ ወደ ሦስት ሳንቲሜትር የሚሆን ተሰነጠቀ። በጣም አዘንኩ፤ አፍሬም ሁለት ቀን ዘገየሁ። እናትየው ግን ምንም አልወቀሱኝም። ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አሳደሩት፣ በኡሉው ደነዝ ጀርባ አሽተው አለዘቡት፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ የኡግጁክ ቆዳ ደርበው ሰፉትና በአራተኛው ቀን መለሱልኝ። አብረውም ቲሉክቱት የሚባለውን የበረዶ ማራገፊያ ዱላ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ሆኜ ጸጉሩን በዱላው እመታዋለሁ፤ ጫማው እዚያው ቀዝቃዛው በረንዳ ላይ ያድራል፤ ወደ ቤት የሚገባው ገበሩ ብቻ ሲሆን እሱም ከማሞቂያው ራቅ ብሎ ይሰቀላል። ይህን ለሚያደርግ ሰው ጫማው ብዙ ዓመት እንደሚያገለግል ከነሱ ጫማ አይቻለሁ። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው ግን አልመክርም።

ከ7 ወር በኋላ የግራው ጥገና ጠንካራ ነው፤ ተረከዙ ላይ ጸጉሩ ሳስቷል፤ አንድ ጠፍር ለውጫለሁ። ሙቅ ክፍል ውስጥ ከቆየ የቆዳው ሽታ ይወጣል፤ እኔ ለምጄዋለሁ፣ እንግዳ ሰው ግን ያስተውለዋል። በተራቆተ ግግር ላይ ሶሉ ያንሸራትታል። ትልቁ ድክመቱ ግን እርጥበት ነው፤ ሜይ ላይ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጸጉራሙ ካሚክ ጊዜው አልፏል፣ ኢኑዊትም ያኔ ጸጉሩ ተፍቆ የተሠራውን፣ ውኃ የማያስገባውን ይጫማሉ። ጨው በሚበተንበት የደቡብ ከተማ አስፋልት ላይ መጫማት ደግሞ ማበላሸት ነው።

ለጫማው ከከፈልኩት 650 ዶላር ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ሌላ ነገርም አለ። አሜሪካ በ1972 ባወጣችው የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ ምክንያት የአቆስጣ ቆዳ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቼን ስጠይቅ ጫማውን ኦታዋ ወዳጅ ቤት ትቼ መሄድ ይኖርብኛል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 ንግዱን ሲከለክል ኢኑዊት ያደኑትን ለይቶ ፈቅዷል፤ ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1983፣ አውሮፓውያን የግልገል አቆስጣ ቆዳ እንዳይገባ ሲያግዱ፣ ኢኑዊት የሚያድኑት በአብዛኛው ሌላ ዝርያ ሆኖ ሳለ የነሱም ቆዳ ዋጋ አብሮ ወድቋል። ሥጋውን በልተው፣ ለጎረቤት አካፍለው፣ ቆዳውን የሚለብሱ ሰዎች የነዳጅና የጥይት መግዣቸውን ማጣታቸው ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ በየቤቱ ሥጋ ሲከፋፈል በዓይኔ አይቻለሁና።

አሁን ካሚኩ ተራግፎና ደርቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጥልቅ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከዓሣውና ከካሪቡ ሥጋ አጠገብ ተቀምጧል፤ የቆዳ ልብስ ሙቀቱን ወራት የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ለውኃው ወቅት የሚሆነውን ጸጉር አልባ ካሚክ አዝዣለሁ። ልኬት ለመስጠት ቅዳሜ እንድሄድ ስጠይቅ፣ እናትየው መምጣት አያስፈልገውም፣ እግሩን አውቀዋለሁ ብለው ልከውብኛል።