ሄጅዶክ ከወራት በኋላ፦ ዳታው ቤት ገባ እንጂ እጅ አልገባም

ማስታወሻችሁን ከኩባንያዎች አውጥታችሁ በራሳችሁ ሰርቨር አኑሩ የሚሉ ሰዎች «ዳታህ በእጅህ ነው» ማለት ይወዳሉ። ሄጅዶክ የተባለውን ማስታወሻ በጋራ የሚጻፍበት ፕሮግራም ቤት ውስጥ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ለወራት ሳስኬድ ከቆየሁ በኋላ ይህችን አባባል ማረም እፈልጋለሁ። ዳታው ቤትህ ነው። እጅህ እንዲገባ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሻጮቹ ደግሞ ስለዚያ ሥራ ትንፍሽ አይሉም።

ስለ ፕሮግራሙ ብዙ የሚባል የለም፤ ይሠራል። ኮዲኤምዲ ይባል የነበረና በ2020 ሄጅዶክ የተባለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በአንድ በኩል ማርክዳውን (ርዕሱም ዝርዝሩም በምልክት የሚጻፍ ተራ ጽሑፍ) ትጽፋላችሁ፣ በሌላው በኩል የተሰናዳው ገጽ ይታያል፤ ሦስት ሰው አንድ ገጽ ላይ አብሮ ሲጽፍ የእያንዳንዱ ጠቋሚ በየቀለሙ ይንቀሳቀሳል። 2 ጊጋባይት ራም ለትንሽ ቡድን ይበቃል። ፊቱ ላይ ኢንጂንኤክስ (ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ሄጅዶክ የሚያስተላልፍ የድር ሰርቨር) ካስቀመጣችሁ የዌብሶኬት፣ ማለትም ገጹንና ሰርቨሩን ሳያቋርጥ የሚያገናኘውን መስመር፣ ሄደሮቹን አሳልፉ፤ የፋይል መጠን ገደቡንም ከነባሪው 1 ሜጋባይት ከፍ አድርጉ፣ አለዚያ በስልክ የተነሣ ፎቶ ሁሉ ስህተት 413 እያለ ይመለሳል። ይህን ካስተካከላችሁ በኋላ መኖሩንም ትረሱታላችሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። «ማስታወሻው ተራ ጽሑፍ እኮ ነው፣ ፎልደሩን ኮፒ አድርገህ ማስቀመጥ ነው፣ ዕዳው ገብስ ነው» ይባላል። የቱን ፎልደር? ማስታወሻዎቹ ፎልደር ውስጥ የሉም። ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ እያንዳንዱ ማስታወሻ የሰንጠረዥ አንድ ረድፍ ሆኖ ተቀምጧል፤ የቀድሞ ቅጂዎቹም ለብቻቸው ሌላ ሰንጠረዥ አላቸው። ሥዕሎቹ ግን ዳታቤዙ ውስጥ አይገቡም፤ አፕሎድስ በሚባል ፎልደር ይጠራቀማሉ። ሦስተኛው ዶሜኑ፣ የዳታቤዙ ፓስወርድና የሴሽን ምስጢሩ (የገባውን ሰው የሚያስታውስበት ቁልፍ) የተጻፉበት የማዋቀሪያ ፋይል ነው። ዳታቤዙን ብቻ ያስቀመጠ ሰው የሥዕሎቹ ቦታ ባዶ የሆነ ጽሑፍ ይመለስለታል። አፕሎድስን ብቻ የያዘው ደግሞ ስማቸው የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር የሆነ የሥዕል ክምር ታቅፎ ይቀራል። የሴሽን ምስጢሩ ቀላሉ ነው፤ ካልተጻፈ ሄጅዶክ በተነሣ ቁጥር አዲስ ይፈጥራል፣ ሁሉም ሰው እንደገና ይግባ ይባላል።

ዳታቤዙ እየሠራ ሳለ የዳታ ፎልደሩን መገልበጥ ባክአፕ አይሆንም። ግልበጣው ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፖስትግሬስ መጻፉን አያቆምም፣ ስለዚህ አንዱ ፋይል የመጀመሪያውን ሰዓት ሌላው የመጨረሻውን ሰዓት ይዞ ይወጣል። አደገኛው ነገር እንዲህ ያለው ቅጂ አንዳንዴ ያለ አንዳች ቅሬታ መነሣቱ ነው፤ ብልሽቱ የሚታወቀው የተበላሸውን ረድፍ ሰው ሲከፍተው ነው። ወይ ዳታቤዙን አጥፍቶ መገልበጥ፣ ወይ ፒጂ ደምፕ በሚባለው የፖስትግሬስ የራሱ መሣሪያ ማውጣት ነው። ፒጂ ደምፕ ሰው እየጻፈም ቢሆን የጀመረባትን ቅጽበት ወጥ አድርጎ ያወጣል፤ የሚጽፈውንም ሰው አያስቆምም።

እሱም ቢሆን ወጥመድ አያጣውም። በዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ለብቻው በሚያስኬድ ሳጥን) ውስጥ የምታስኬዱት ከሆነ የተርሚናል አማራጩን አጥፉ፤ ካልጠፋ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ትርፍ ባይት ይጨመርና የታመቀው የደምፕ ፋይል ይበላሻል። ትዕዛዝን በቀጠሮ ሰዓት በሚያስኬደው ክሮን ላይ ስታስገቡት የፋይሉ ስም ቀን እንዲይዝ የፐርሰንት ምልክት ከተጠቀማችሁ ፊቱ የኋላ ጭረት መኖር አለበት፣ ክሮን ያንን ምልክት እንደ መስመር ማብቂያ ስለሚያነበው ትዕዛዙን መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። ከሁሉ የምትብሰው ግን ይህቺ ናት፦ ሼሉ (ትዕዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) ደምፑ ከመጀመሩ በፊት የሚጻፍበትን ፋይል ከፍቶ ባዶ ያደርገዋል። ፓስወርድ ተቀይሮ ደምፑ ከከሸፈ 0 ባይት የሆነ ፋይል ይቀራል፤ ስሙ በየሌሊቱ አንድ ዓይነት ከሆነም የትናንቱን ጤነኛ ባክአፕ በልቶት ነው የሚቀረው። ስለዚህ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ ትዕዛዙ በሰላም መጨረሱና መጠኑ ይታይ፣ ከዚያ ስሙ ይቀየር። በስክሪፕቱ ላይ ሦስት መስመር መጨመር ማለት ነው፤ «በአምስት ደቂቃ ይጫናል» የሚሉት መመሪያዎች ግን እነዚህን ሦስት መስመሮች አይጽፏቸውም።

አይጽፏቸውም ብቻ አይደለም፤ የሚያስገለብጡት የኮምፖዝ ፋይል (ኮንቴይነሮቹ የሚዘረዘሩበት) ብዙ ጊዜ ከፖስትግሬስ ስም ጎን «ሌተስት»፣ ማለትም የቅርቡ፣ የሚል የስሪት ታግ አለው። ፖስትግሬስ በየዓመቱ አንድ ዋና ስሪት ያወጣል፤ በ16 የተጻፈ የዳታ ፎልደር በ17 አይነሣም። ኮንቴይነሮቹን ሁሉ ባንዴ ያደሰ ሰው የሚጠብቀው በየጥቂት ሴኮንዱ የሚነሣና የሚወድቅ ዳታቤዝ ነው፤ ሎጉ ላይም ፋይሎቹ ከሰርቨሩ ስሪት ጋር አይጣጣሙም የሚል መስመር ይነበባል። ደንግጦ ቮልዩሙን (ዶከር ዳታውን የሚያኖርበትን ቦታ) መሰረዝ አያስፈልግም፤ ዳታው እዚያው ነው። ታጉን ወደ ቀድሞው ቁጥር መልሳችሁ በአሮጌው ስሪት አስነሡት፣ ደምፕ አውጡ፣ አዲሱን ስሪት በባዶ ቮልዩም ላይ አስነሡ፣ ደምፑን ጫኑበት። በዚህ ሁሉ መሃል ሄጅዶክ ጠፍቶ ይቆይ። ከተነሣ ባዶ ዳታቤዝ ያገኝና የራሱን ሰንጠረዦች ይሠራል፤ ከዚያ የምትጭኑት ደምፕ ሰንጠረዡ አስቀድሞ አለ እያለ ይጋጫል። በ18 ላይ ደግሞ የዶከሩ ምስል (ኮንቴይነሩ የሚነሣበት ጥቅል) የዳታውን ቦታ ስለቀየረ ቮልዩሙ የሚሰቀለው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ነው፤ የድሮውን መስመር እንዳለ መተው አይሆንም። «ሌተስት» የሚለውን አውጥቶ 17 ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል፤ በ17 ውስጥ የሚመጡት ጥቃቅን ማሻሻያዎች ያንኑ ፎልደር ይቀበላሉ።

ባክአፑን ለመፈተን በሌላ ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር)፣ ለምሳሌ በ3001፣ ሁለተኛ ሄጅዶክ ማስነሣት ጥሩ ነው፤ ዋናው 3000ን ይዟል። ግን እዚህ ጋ ቀልደኛ ነገር አለ። ሄጅዶክ ሥዕል ሲያስገባ ማስታወሻው ውስጥ የሚጽፈው ሙሉ አድራሻውን፣ ከነዶሜኑ ነው። ስለዚህ በሙከራው ላይ ሥዕሎቹ ሁሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ የሚመጡት ግን ከዋናው ሰርቨር ነው። የአፕሎድስ ባክአፕ ጭራሽ ባይኖርም ፈተናውን ታልፋላችሁ። ዋናውን አጥፍቶ፣ ዶሜኑን ወደ ሙከራው አዙሮ ማየት ነው እውነተኛው ፈተና። በዚሁ ምክንያት ዶሜን መቀየር የፈለገ ሰው በየማስታወሻው ውስጥ ያለውን የድሮ አድራሻ ዳታቤዙ ላይ መተካት አለበት። አድራሻውን ያለ ዶሜን መጻፍ ምን ይከብድ ነበር?

ሥዕሎችን ካነሣን አይቀር፦ ማስታወሻውን «ፕራይቬት» ብታደርጉትም ውስጡ ያለው ሥዕል ሊንኩን ለያዘ ሰው ሁሉ ይከፈታል። ማስታወሻው ሲሰረዝም ሥዕሉ አፕሎድስ ውስጥ ይቀራል። የመታወቂያ ወይም የውል ፎቶ የሚያስገባ ሰው ይህን ይወቅ። በነባሪው ማንም ሰው በኢሜይል መመዝገብ፣ ያልተመዘገበም አዲስ ማስታወሻ መፍጠር ይችላል፤ ሰርቨሩን ለኢንተርኔት ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቱንም ዝጉ።

እንግዲህ ተጸጸትክ ወይ ብትሉኝ፣ ዛሬ ስጽፍ ተናድጄ ነው እንጂ አልተውኩትም። በወር የሚያስከፍለው አገልግሎት ሻጭ «እኛ ያለነው ለዚህ አይደል?» ይለኛል። ወዳጄ፣ ያንተ ባክአፕ ሪስቶር ሲደረግ አይቼ አላውቅም፤ ላሳይህ ብትልም ማሳየት አትችልም። የእኔን ዋናውን አጥፍቼ አንሥቼዋለሁ፣ ሥዕሎቹም መጥተዋል። «ነፃ ነው» የሚለው የሌላኛው ወገን ሻጭ ደግሞ የሰዓቴን ሒሳብ ይቁጠርልኝ።

ተርሚናል የማይፈራና ሁለተኛ ዲስክ ያለው ሰው ይግባበት። በመንገድ ላይ ኢንተርኔት ሳይኖር በስልኩ መጻፍ የሚፈልግ ግን አይድከም፤ ሄጅዶክ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ አንዲት ፊደል አያስጽፍም።