ቦርከናን ተከትሎ በብስክሌት ድብቅ ሳጥን ፍለጋ፦ የኮምቦልቻው ብስክሌት ኪራይ ቤት እንዴት ነው?

ቀጥታ ልናገር። ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌት ተከራይቶ የቦርከናን ወንዝ እየተከተሉ ጂኦካሺንግ መጫወት ይቻላል። ደስም ይላል፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ሸለቆው ገና አረንጓዴ ሳለ። ግን ቀኑን የሚያሳምረው ስልክ ላይ ያለው አፕ አይደለም። ብስክሌቱና ብስክሌቱን የሚያከራየው ሰው ናቸው። ስለዚህ እዚህ በዋናነት የምጽፈው ስለ ኪራይ ቤቱ ነው፤ ስለ መንገዱና ስለ ካርታው የምለውም ከዚያው ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ። አንድ ሰው ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይከትና የሆነ ቦታ ይደብቀዋል። የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ለሌሎች ይሰጣል። ፈላጊዎቹ በቁጥሩ ተመርተው ይሄዳሉ፣ ያገኙታል፣ ደብተሩ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ይጽፋሉ፣ ከዚያ እንደነበረ መልሰው ይደብቁታል። ውስጡ ካለው ነገር አንዱን የወሰደ ሰው ዋጋው የማያንስ ሌላ ነገር ይተካል። የተጀመረው አሜሪካ ነው። መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ሲያቆም፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ወዲያው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ዛሬ በዓለም ላይ የተደበቁት ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

በኛ አካባቢ ግን ይፋዊው ካርታ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ወሎ ውስጥ ጥሩ ቀን ማሳለፍ የፈለገ ቡድን የሚያዋጣው ራሱ ደብቆ ራሱ መፈለግ ነው። ግማሹ ሰው ቀድሞ ይደብቃል፣ ቁጥሮቹን በቴሌግራም ይልካል፣ ግማሹ ቅዳሜ ወጥቶ ይፈልጋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተራው ይለወጣል። ይህ ማለት ብስክሌቱ የሚፈለገው ሁለት ጊዜ ነው፣ ለመደበቅም ለመፈለግም። ኪራይ ቤቱ ላይ ይህን ያህል የማተኩረውም ለዚህ ነው።

ቤቱ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል ነው፣ ከኋላው ብስክሌቶቹ የሚደረደሩበት ግቢ አለው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ ልበል። ጋሼ ገና ሰላምታው ሳያልቅ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ወደ አስፋልት ነው ወደ ወንዝ?» እንደ መልሱ የሚሰጡት ብስክሌት ይለያል። ለወንዝ ሰፊ ጎማ ያለውን ያወጣሉ፣ ነፋሱን ትንሽ ይቀንሱለታል፣ ምክንያቱም አሸዋና ጠጠር ላይ ግትር ብሎ የተነፋ ጎማ ይንሸራተታል። ከዚያ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን እያንዳንዱን ለብቻ አስይዘው ያስሞክራሉ። ሰንሰለቱን ዘይት ይቀቡታል። ኮርቻውን በእግራችሁ ልክ ያስተካክሉታል። ይህን ሁሉ ማንም ሳይለምናቸው ነው የሚያደርጉት። ወላሂ እንዲህ የሚሠራ አከራይ ብዙ አይገኝም፤ ሌላ ቦታ ብስክሌቱን ገፍተው ሰጥተው ገንዘባቸውን መቁጠር ነው።

የሳቸው ቤት ከሌላው የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ግን የጥገና ቦርሳው ነው። በቦርከና ዳር ከሄዳችሁ እሾህ አይቀርላችሁም። ዳር ዳሩን ግራር አለ፣ ገበሬውም ማሳውን የሚያጥረው በእሾህ ቅርንጫፍ ስለሆነ መንገዱ ላይ የሚረግፈው ብዙ ነው። ጋሼ ለወንዝ ለሚወጣ ሁሉ ትንሽ ቦርሳ ይሰጣሉ። ውስጧ የእጅ መንፊያ፣ ጎማ መፈልቀቂያ፣ የተቆራረጠ መለጠፊያ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ የአሸዋ ወረቀትና አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ አለ። ትርፉን ጎማ ካልተጠቀማችሁበት አትከፍሉም። አንዲት ምክርም አብረው ይሰጣሉ፣ እኔ እንደ ወርቅ ነው የያዝኳት፦ እሾህ ከወጋችሁ ወዲያው አትንቀሉት። እሾሁ ቀዳዳውን ራሱ ደፍኖ ስለሚይዘው ነፋሱ በዝግታ ነው የሚወጣው። መንፊያ ካለ እየነፉ ጥላ ያለበት ቦታ ድረስ መድረስ ይቻላል። ከነቀላችሁት ግን እዚያው ፀሐይ ላይ ቁጭ ነው። ስትለጥፉ ደግሞ ከውጪ ጎማው ውስጥ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ የተሰበረ ጫፍ ከቀረ አዲሱንም ይወጋዋል። ከከተማ ወጥቶ ጎሚስታ መፈለግ ዘበት ነውና ይህ ቦርሳ ብቻውን የኪራዩን ዋጋ ያወጣል።

ዋጋው በሰዓት ነው፣ ለሙሉ ቀን ከተነጋገራችሁ ይቀንሳል። ቡድን ሆናችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። በጥቅሉ አንድ ሰው ለቀኑ የሚከፍለው ከአንድ ጥብስ ምሳ አይበልጥም። ለኔ ይህ ተገቢ ዋጋ ነው።

የማይመቹኝ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ሄልሜት አለመኖሩ ነው። አንድም የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከከተማ ለመውጣት የግድ አስፋልቱን መንካት ስላለባችሁ። ኮምቦልቻ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት፦ የደሴ፣ የባቲና የከሚሴ። በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ቀልድ አያውቅም። ሄልሜት ያለው ሰው ከቤቱ ይዞ ይምጣ፣ ጋሼም ቢያንስ ጥቂት ቢገዙ እኔ በደስታ ጨምሬ እከፍላለሁ። ሁለተኛው፣ በመያዣነት ዋናውን መታወቂያ ነው የሚወስዱት። ስጋታቸው ይገባኛል፣ ብስክሌት ውድ ነው። ግን በየመንገዱ መታወቂያ ሊጠየቅ በሚችልበት አገር ቀኑን ሙሉ ያለ መታወቂያ መሄድ አይመችም። ቀብድ ከፍሎና ፎቶ ኮፒ ትቶ መሄድ ቢቻል ይሻላል፤ ለሚያውቁት ሰው ይህን ይፈቅዳሉ፣ ለአዲስ ሰው ግን አይሆንም። ሦስተኛው የመክፈቻ ሰዓት ነው። ሱቁ የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ለዚህ ጉዞ ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኮርቻ ላይ መሆን ነበረብን። መፍትሔው ብስክሌቱን ዋዜማውን ማታ መውሰድ ነው፣ የማታውንም ትንሽ ያስከፍላሉ። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሰላት ስለሚዘጉ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገደማ መመለስም መውሰድም አይቻልም።

ከደሴ ለምትመጡ አንድ ቃል። ሐረጎን በኪራይ ብስክሌት እወርዳለሁ አትበሉ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው። በሚኒባስ ውረዱና ብስክሌቱን ታች ተከራዩ።

መንገዱን በተመለከተ፣ የተሠራ የብስክሌት መንገድ የለም። ያለው የእግረኛና የከብት መንገድ ነው፣ አንዳንዴ ከወንዙ ጋር ይሄዳል፣ አንዳንዴ በማሳ ይቋረጥና ወደ ዋናው መንገድ ይመልሳል። ከከተማው ወደ ሐርቡ አቅጣጫ መውረዱ ይቀላል፣ ወንዙም የሚፈሰው ወደዚያው ነው፣ ሐርቡን አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። ግን የወረዳችሁትን ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ትወጡታላችሁ። ስለዚህ ጉልበታችሁ ሲጋመስ ሳይሆን ሲሶው ሲያልቅ ተመለሱ። ሳጥኖቹንም ስትደብቁ የሚከብዱትን በመሄጃው፣ የሚቀሉትን በመመለሻው አድርጉ። ፈላጊው ደክሞት እያለ የቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ እጁን እንዲከት ማስገደድ ግፍ ነው።

ካርታውን ቤት ሆናችሁ ጨርሱ። የጨዋታው ዋናው አፕ በነፃ ይሠራል፣ ነገር ግን ከኢንተርኔት ውጪ ለመጠቀም ዝርዝሮችን ማውረድ የሚቻለው ለሚከፍል አባል ነው፣ ክፍያውም በውጭ ካርድ ስለሆነ ለብዙዎቻችን አይሆንም። ለራሳችን ጨዋታ ኦርጋኒክ ማፕስ ከበቂ በላይ ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውን አንዴ በዋይፋይ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ምልክቱ ከሳተላይት ነው የሚመጣው። ቁጥሩን ስትለዋወጡ በዲግሪና በደቂቃ ጻፉት፣ ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ይኑር። አንድ ደቂቃ ወደ ሰሜን 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ ሦስተኛው አኃዝ ከ2 ሜትር በታች ነው ማለት ነው። አንድ አኃዝ ካጎደላችሁ ፈላጊው 18 ሜትር ርቆ ሊሄድ ይችላል፣ እሱ ደግሞ የወንዙ ማዶ ሊሆን ይችላል። ስልክ ራሱ ሰማዩ ክፍት በሆነበት 5 ሜትር ገደማ ይስታል፣ ገደል ሥርና ዛፍ ጥቅጥቅ ባለበት ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር አንድ ፍንጭ ጨምሩ፦ «ሥሩ ከተላጠው ዋርካ፣ በምሥራቅ በኩል» ዓይነት። የይፋዊው ጨዋታ ሕግ ሁለት ሳጥኖች ቢያንስ በ161 ሜትር እንዲራራቁ ያዛል፣ በብስክሌት ለሚሄድ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ባታደርጉት ይሻላል፣ በየደቂቃው መውረድ ያሰለቻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሰው። ስልክ ይዞ ድልድይ ሥር የሚጎረጉር ሰው በዚህ ዘመን ወሎ ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ድልድይ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር፣ የአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ፣ ማንኛውም ጥበቃ ያለበት ቦታ ፈጽሞ አይነካ። የጨዋታው ሕግም ይከለክላል፣ የጋራ አእምሮም ይከለክላል። ከመውጣታችሁ በፊት ስለ አካባቢው ሁኔታ ጠይቁ፣ ለቀበሌውም አሳውቁ። ዕቃው ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፣ ላዩ ላይ በአማርኛ «ጨዋታ ነው፣ አደገኛ አይደለም» ብላችሁ ስልክ ጻፉበት። ማሳ ዳር ከሆነ ባለማሳውን አስፈቅዱ። እኔ ያየሁት፣ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ፣ እዚህ ድንጋይ ሥር ይቺን ብናስቀምጥ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው እምቢ የሚል የለም። እንዲያውም ቡና ጀባ ይባላል፣ አቦሉን ጠጥቶ መነሳትም ነውር ስለሆነ ጊዜ ስታቅዱ ይህንንም አስቡ። የከብት ጠባቂ ልጆችን ደግሞ ከመሸሽ ይልቅ አጫውቷቸው። ዕቃው የት እንዳለ ከናንተ በፊት ያውቃሉ። ደብተሩ ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ከተጋበዙ ሳጥኑን ከጦጣም ከሰውም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በነገራችን ላይ ጦጣ ስላለ ምግብ ነክ ነገር ውስጡ አይከተት፣ ከረሜላም ቢሆን።

ስለ ውሃው። ቦርከና ከተማው ውስጥ ሲያልፍ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል፣ ታችኛው ሸለቆ ደግሞ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። አትጠጡት፣ አትዋኙበት፣ ባዶ እግራችሁን አትሻገሩት። ሳጥኑንም ወንዙን የሚያሻግር ቦታ ላይ አታድርጉ። የሚጠጣ ውሃ በሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር፣ ከዚያ በሶና ቆሎ፣ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ይህን ጉዞ እርሱት፣ ደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በበልግ ወራትም ደመናውን አይታችሁ ውጡ።

ማታ ወንዙ ዳር አትቆዩ። ቆላማው በኩል ወባ አለ፣ ብስክሌቶቹም መብራት የላቸውም። ጋሼ የሚሰጡት የመመለሻ ሰዓት 11 ሰዓት ነው፣ ካለፈ በሰዓት ይቆጥራሉ፣ ግን ደውሎ ላሳወቀ ሰው ሲጨክኑ አላየሁም። ለቅዳሜ ከሆነ እስከ ሐሙስ ድረስ ደውላችሁ አስይዙ፣ ሰፊ ጎማ ያላቸው ብስክሌቶች ጥቂት ናቸውና። ስትደውሉም «ለወንዝ ነው፣ ከነቦርሳው» በሉ።