ለባለ ሸራ ጀልባ ሞተር፦ ከጉልበቱ በፊት የእግሩ ርዝመት

አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካታሊና 22 የምትባል አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ አለችኝ። ባለፈው ሚያዝያ ሴይልፕሮ የሚባለውን የቶሃትሱ ባለ 6 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ገጠምኩላት። «ሸራ እያለህ ሞተር ምን ይሠራልሃል?» የሚሉኝ ጓደኞቼ እዚህ ያለውን የባሕር ወሽመጥ፣ ቼሳፒክ ቤይን፣ ነሐሴ ላይ አላዩትም። ንፋስ የሚባል ነገር ድራሹ ይጠፋል።

ሞተሩ ጎበዝ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 123 ሲሲ፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ። ባትሪም ይሞላል። በዝግታ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ 27 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አውርዶ መሸከሙም ወገብ ይፈትናል።

እኔን ያስገዛኝ ግን ባለ 25 ኢንች እግሩ፣ ማለትም ከሞተሩ ወደ ውሃው የሚወርደው ክፍል ነው። ጀልባዋ ይዛው የመጣችው ሞተር እግሩ 20 ኢንች ነበር። ቆመን ስናየው ፕሮፔለሩ (እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው) ውሃ ውስጥ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ወደ ፊት ሲሄድ ግን የጀልባዋ ኋላ ይነሳል፣ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሚኒባስ ይጮኻል። ጀልባዋ ንቅንቅ የለም። የሚመጣው ደግሞ መቆሚያው ጋ ስትደርሱ፣ ግፊት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

የፈጣን ጀልባ ሰዎች ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር ትስተካከል ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። የእኛ ጀልባ ግን ውሃ እየገፋች ነው የምትሄደው፤ ሆዷም ወደ ኋላ ሲሄድ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ መለኪያው የውሃው ወለል ነው። ፍጥነት ስትጨምሩ ከኋላዋ ውሃው ይጎደጉዳልና ያንንም አስቡት። እኔ ሳህኗን ከውሃው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጌያታለሁ። ሞተሩ ጀልባዋ ኋላ ላይ የሚታሰርበት መትከያ ከፍና ዝቅ ስለሚል ልኩ የተገኘበት ጥርስ ላይ ነጭ ቀለም ቀብቻለሁ። ጓደኛዬ አፍንጫዋ ላይ ቆሞ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሳህኗ እንደተሸፈነች ናት። ከሞተሩ ጎን የምትወጣው ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃም አትቆራረጥም።

ከልክ በላይ ማጥለቅም ጣጣ አለው። ከኋላ የሚመጣ ማዕበል የሞተሩን ጭንቅላት ያርሰዋል። ከእግሩ ጀርባ ያለችው ትንሿ የጭስ መውጫም ውሃ ውስጥ ትገባና ማስነሳቱ ይከብዳል።

ቅሬታዬ መትከያው ላይ ነው። ስፕሪንጉ ለድሮ ቀላል ሞተር የተሠራ ስለነበር ይህን አዲሱን ሞተር ከፍ ማድረግ ትግል ሆነብኝ፤ ለከባድ ሞተር በተሠራ ቀየርኩት። ማጥበቂያዎቹ ብሎኖችም በንዝረት ይላላሉ፤ ከመነሳታችሁ በፊት በእጅ ፈትሹ። ሸራ ሲወጣ ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ ካላጋደማችሁት ረጅሙ እግር ይጎተታል።

ኋላዋ ዝቅ ላለች ትንሽ የሐይቅ ጀልባ 20 ኢንቹ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ሰው ሁሉ ተሳፍሮ፣ መትከያው ታች ወርዶ፣ ሞተሩ ከሚታሰርበት የመትከያው እንጨት የላይኛው ጫፍ እስከ ውሃው ድረስ በሜትር ለኩ።